ሙያ ከጎረቤት

የጣሊያን ቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ጀርባው ሲታይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋበትም፤ «ከቀይ ሥጋና ከቆየ ፎርማጆ ጋር ይስማማል» ትላለች። ይህች ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓይነት አንባቢ አላት። አንደኛው ታዛዥ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሽሮ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን ሳይከፍት ወደ ቁም ሣጥኑ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ዐመፀኛ ነው፤ «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁትን መጠጥ ከምን ጋር እንደምጠጣ እናንተን ማን አዛዥ አደረጋችሁ?» ብሎ ከፈንዲሻ ጋር ይከፍተዋል። የሚገርመው ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ነገር መሆኑ ነው፤ ዓረፍተ ነገሯን የጨዋነት ደንብ አድርገው ነው ያነበቧት። እንደ ደንብ ከታየች በእርግጥ ታስቃለች፤ ሹካ በግራ ቢላ በቀኝ ከሚለው ወገን ትመደባለች። ጠርሙሱ ባሮሎ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሯ ማስጠንቀቂያ ናት። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ ባሮሎን ከምግብ ጋር ማጣመር የሀብታም ቅንጦት ሳይሆን አስቸጋሪ ጠባይ ላለው መጠጥ የተገኘ መላ ነው።

ባሮሎ የሚመረተው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ ግዛት፣ አልባ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባሉት የላንጌ ኮረብታዎች ላይ ነው። ስሙን በጠርሙስ ላይ መለጠፍ የሚፈቀድላቸው 11 መንደሮችና ትንንሽ ከተሞች ብቻ ናቸው። የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከሚባለው የወይን ዘር ብቻ ነው፤ ሌላ ዘር መቀላቀል ክልክል ነው። ኔቢዮሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ዘግይቶ ይበስላል፤ ስለዚህ የፀደዩ ውርጭም የመኸሩ ዝናብም ሳያገኙት አይቀሩም። ሕጉ ባሮሎ 38 ወራት ሳይሞላው ለገበያ እንዳይወጣ፣ ከእነዚያም 18ቱን በእንጨት በርሜል ውስጥ እንዲያሳልፍ ያዝዛል። «ሪዘርቫ» የሚባለው ደግሞ 62 ወራት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ጠብቆ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ ታዲያ ሰው የሚጠብቀው ጥቁር፣ ወፍራም፣ አስፈሪ ነገር ነው። የሚወጣው ግን ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም የሚያደላ፣ ጣት የሚያሳይ ቀይ ነው። እንግዳው «ውኃ ነው እንዴ?» ብሎ አፉን ሞልቶ ይጎነጫል። ወዲያው ድዱ ይደርቃል፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። ድፍረትን በቀለም መመዘን ከሰው ጋርም ሆነ ከወይን ጋር እንደማያዋጣ ባሮሎ በአንድ ጉንጭ ያስተምራል።

የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ታኒን ነው። ታኒን በወይን ፍሬ ልጣጭና በዘሩ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ምራቅን የሚያለሰልሱትን ፕሮቲኖች ይይዝና ያረጋቸዋል። ምራቅ ማለስለሱን ሲያቆም ምላስና ላንቃ መፋተግ ይጀምራሉ። አፋችን ደረቀ የምንለው ውኃ አጥሮት ሳይሆን ልስላሴውን ተነጥቆ ነው። ጠንክሮ የተንተከተከ ሻይም እንዲሁ አፍ ይሰበስባል፤ ወተት ሲገባበት ግን ይገራል። የሚገራው ታኒኑ ከእኛ ምራቅ በፊት የወተቱን ፕሮቲን አግኝቶ ስለሚያያዝ ነው። ጮማ ሥጋ፣ የእንቁላል አስኳልና ፎርማጆ ለባሮሎ የሚያደርጉለት ይህንኑ ነው፤ ታኒኑ የሚይዘው ሌላ ነገር ይሰጡታል፣ ስባቸውም ምላስን ይለብጣል። ወይኑም ውለታ መላሽ ነው። ኔቢዮሎ ታኒኑ ብቻ ሳይሆን ኮምጣጣነቱም ከፍ ያለ በመሆኑ ስቡን ከአፍ ጠርጎ ያወርዳል፤ አሥረኛው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። የሥጋው ጉድለት መክበዱ፣ የወይኑ ጉድለት ማድረቁ ነው፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ምስክር የላንጌ ገበታ ራሱ ነው። «ብራዛቶ አል ባሮሎ» የሚባለው ምግብ የበሬ ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከቅመም ጋር በባሮሎ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በዚያው ወይን ውስጥ ለሰዓታት ለስለስ ባለ እሳት የሚበስል ነው። የሚመረጠውም ጅማት ያለበት ሥጋ ነው፤ ጅማቱ ቀስ እያለ ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል። «ታያሪን» እንደ ክር የቀጠነ ፓስታ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዱቄት እስከ 40 የእንቁላል አስኳል የሚያስገቡ አሉ። የ40 እንቁላል ነጩ የት እንደሚገባ ለጊዜው አንጠይቅ። «አኞሎቲ ዴል ፕሊን» ደግሞ የተጠበሰ ሥጋ ተሞልቶበት በጣት ቁንጥጥ እየተደረገ የሚዘጋ ትንሽ ፓስታ ነው። ልዩ ልዩ የሥጋ ክፍሎች በአንድነት የሚቀርቡበት «ቦሊቶ ሚስቶ» የሚባል ቅቅልም አለ፤ ከአካባቢው ተራሮች የሚወርድ፣ ሲቆርጡት የሚፈረካከስ «ካስተልማኞ» የተባለ ፎርማጆም አለ። አስኳል፣ ቅቤ፣ መረቅ፣ ፎርማጆ፤ ለታኒን የሚሆን መያዣ በየሳህኑ ተቀምጧል። ይህን ገበታ የወይን ባለሙያዎች ጉባኤ ተቀምጠው አልነደፉትም። ክረምቱ ቀዝቃዛ፣ ከብቱ ቅርብ ስለሆነ ምግቡ ሰባ፤ ወይኑም እዚያው አደገ። «መልክ ስጠኝ እንጂ ሙያ ከጎረቤት እማራለሁ» ይላል ተረታችን። ባሮሎ መልኩም ተነፍጎት ሙያውን በሙሉ ከጎረቤት ነው የተማረው።

እዚህ ላይ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ዝም አይልም። «የላንጌ ገበሬ መቼ ነው ብራዛቶ ሲበላ የኖረው? ድሃ አልነበረም እንዴ?» ይላል። ልክ ነው፤ ድሃ ነበር። የአልባ ተወላጅ የሆነው ደራሲ ቤፔ ፌኖሊዮ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው «ላ ማሎራ» በተሰኘ ሥራው የዚያን አገር ገበሬ ችጋር ገልጾታል፤ ከጣራ በክር በተንጠለጠለች አንዲት የጨው ዓሣ ላይ የበቆሎ ገንፎ እያሻሹ የሚበሉ ሰዎች አሉበት። ዓሣዋ አትበላም፤ ሽታዋን ብቻ ነው የምታበድረው። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ከገንፎው ጋር ባሮሎ አልጠጡም። ለዘወትር ገበታ ዶልቼቶና ባርቤራ የሚባሉ ሌሎች ቀይ ወይኖች ነበሯቸው፤ አሁንም አሏቸው። ዶልቼቶ ለስለስ ያለ፣ በቶሎ የሚጠጣ ነው፤ ባርቤራ ኮምጣጣ ቢሆንም ታኒኑ ጥቂት ነው። ባሮሎ የሚከፈተው ከብት በሚታረድበት በዓል ነው። ወይኑን ከማንም የበለጠ የሚያውቁት ሰዎች ባሮሎን ለሁሉ ገበታ አላደረጉትም፤ ይህ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ማስረጃ ነው።

ባሮሎን «የወይኖች ንጉሥ፣ የነገሥታት ወይን» ማለት የተለመደ ነው። ዛሬ የምናውቀው ባሮሎ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከታሪኩ ጋር ስማቸው የሚነሣው ከፈረንሳይ መጥታ የባሮሎ ባላባት ያገባችው ጁሊያ ኮልቤር ፋለቲና በአቅራቢያው ባለችው የግሪንዛኔ መንደር ከንቲባ የነበረው ካሚሎ ካቩር ናቸው፤ ካቩር ኋላ የተባበረችው ጣሊያን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። አንድን አገር አንድ ለማድረግ የደከመ ሰው በዚህ ወይን ላይ መለማመዱ አይገርምም። ንጉሥ የሚለው ማዕረግ ግን ሻጮቹ ባላሰቡት መንገድ እውነት ነው። ንጉሥ ብቻውን አይወጣም። የሚደግፈው፣ የሚያጅበው፣ ቁጣውን የሚያበርድለት ሰው በግራና በቀኝ ከሌለ ንጉሥነቱ አይታይም፤ የሚታየው ቁጣው ነው።

አጃቢውን አባርሮ ንጉሡን ብቻውን ለማስወጣት የተሞከረበት ጊዜም ነበር፤ ለክርክራችን ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በላንጌ ጠማቂዎች መካከል «የባሮሎ ጦርነት» እስከመባል የደረሰ ጠብ ተነሣ። የጥንቱ ወግ ልጣጩን ከጭማቂው ጋር ለሳምንታት ማቆየት፣ ከዚያም ብዙ ሺህ ሊትር በሚይዙ አሮጌ በርሜሎች ውስጥ ለዓመታት ማሳረፍ ነበር። አዲሶቹ ልጣጩን በጥቂት ቀናት እያወጡ ወይኑን 225 ሊትር በሚይዙ አዳዲስ የፈረንሳይ በርሜሎች ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ውጤቱ ለስላሳ፣ የቫኒላ ሽታ ያለው፣ ገና በልጅነቱ የሚጠጣ ባሮሎ ሆነ። ኤልዮ አልታሬ የተባለው ጠማቂ በ1983 የአባቱን ትላልቅ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው፤ አባቱም ከውርስ ነቀሉት። በሌላው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ የተባሉት ሽማግሌ በእጃቸው በሣሉት የጠርሙስ ወረቀት ላይ ትንሹን የፈረንሳይ በርሜልና ፖለቲከኛውን ቤርሉስኮኒን በአንድ መስመር አወገዙ። የወይን ጠርሙስ የምርጫ ቅስቀሳ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ጠቡ ስለ እንጨት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ስለ ምግብ ነበር። የጥንቱ ወይን ማለስለሱን ለገበታው ትቶለት ነበር፤ አዲሱ እዚያው ጓዳ ውስጥ ለስልሶ እንዲወጣ ተፈለገ። ለምን ቢባል የሚመዝነው ሰው ተለውጦ ነበር። ብዙ ብርጭቆ በመደዳ ደርድሮ ያለ ምግብ እየቀመሰ፣ እየተፋና ነጥብ እየሰጠ የሚያልፍ ሰው ፊት የቀረበ ባሮሎ ብራዛቶው እስኪደርስ ድረስ ይቅርታ መጠየቅ አይችልም። ለአዲሶቹም ፍርድ አይጉደልባቸው፤ ከአሮጌዎቹ በርሜሎች ብዙዎቹ የቆሸሹ ነበሩ፣ ጥንታዊ እየተባለ የሚሸጥ የተበላሸ ወይንም አልጠፋም። ንጽሕናን ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ሲበርድ ብዙ ጠማቂዎች ወደ መካከል መጡ፤ ትልልቁ በርሜልም ተመለሰ። ታኒኑ የተሰወረበት ባሮሎ ጥሩ ወይን ሊሆን ይችላል፤ ግን ለስላሳ ወይን በሌላም አገር ሞልቷል፣ ያውም 38 ወራት ሳያስጠብቅ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ «የወይን ወሬ ሁሉ በጭንቅላት የተፈጠረ ነው» የሚል ነው። ማስረጃም አያጣም። በ2001 በታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው የቀይ ወይን ሽታ በሚገለጽባቸው ቃላት ገለጹት። ሮበርት ሆጅሰን የተባሉ አሜሪካዊ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በካሊፎርኒያ ውድድር ላይ ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሳያውቁ ከተቀዳላቸው ዳኞች መካከል በፍርዳቸው የጸኑት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። የባሮሎ አድናቂዎችም ለመሳቂያ የሚሆን ነገር አያጡም፤ ወይናቸው ጽጌረዳና ሬንጅ ይሸታል ይላሉ። ከአበባው ጎን አስፋልት ማን አነጠፈው ብሎ መጠየቅ ይገባል። እነዚህ ጥናቶች የሚነኩት ግን ለሽታ የምንሰጠውን ስምና የምንሰጠውን ነጥብ ነው። የአፍ መድረቅ ስም አይጠብቅም፤ ጽጌረዳን ከሬንጅ የማይለይ ሰውም ድዱ ይደርቃል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት በትክክል ይህንን መርምሯል። ሰዎች ታኒን ያለበት መጠጥ ደጋግመው ሲጎነጩ የአፋቸው መሰብሰብ እየጨመረ ሄደ፤ ስብ ያለበት የደረቀ ሥጋ እያፈራረቁ ሲበሉ ግን የመሰብሰቡና የቅባቱ ስሜት አንዱ ሌላውን ገታው። ብራዛቶ የፈለሰፉት እናቶች ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ልዩ ሁኔታዎችን ይቆጥራል። «ቀይ ሥጋ ትላለህ፤ የፒዬሞንቴ ከብት ግን ስብ የለሽ ነው፤ ደግሞስ በጥሬው ይበሉታል» ይላል። እውነት ነው፤ የአካባቢው የከብት ዘር ጡንቻው የተደራረበ፣ ሥጋው ግን ስብ ያነሰው ነው፤ አልባ ውስጥም በቢላ ደቅቆ በዘይትና በጨው የሚበላ ጥሬ ሥጋ የታወቀ ምግብ ነው። ነገር ግን እሱ የሚቀርበው በገበታው መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ አብሮት የሚቀዳውም ብዙ ጊዜ ቀለል ያለው ወይን ነው። ዓሣም ቢሆን እንዲሁ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2009 እንዳሳዩት በቀይ ወይን ውስጥ ያለ ብረት ከባሕር ምግብ ጋር ሲገናኝ ደስ የማይል የዓሣ ጠረን ያወጣል። ፒዬሞንቴዎች ነጭ ሽንኩርትና የጨው ዓሣ በዘይት አሙቀው «ባኛ ካውዳ» የሚሉትን ሲበሉ ከባሮሎ ይልቅ ባርቤራን ይመርጣሉ። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ደረቁን ወይን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል። የዚህ መፍትሔ ከፋርማሲ መጣ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጁዜፔ ካፔላኖ የተባለ የሴራሉንጋ መድኃኒት ቀማሚ ባሮሎን ከስኳር፣ ከቅመማ ቅመምና ለወባ መድኃኒት ከሚሆነው የሲንኮና ቅርፊት ጋር አዋሕዶ «ባሮሎ ኪናቶ» የሚባለውን አወጣ፤ ዛሬ ከቸኮሌት ጋር ይጠጣል። ልዩ ሁኔታ የተባለው ሁሉ ሲመረመር ያንኑ ይመሰክራል፤ ምግቡ ካልተስማማ ሰዎቹ ወይኑን ይቀይራሉ፣ አለበለዚያ ያክሙታል።

ጊዜ ራሱ ምግብን ይተካል የሚሉም አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። ባሮሎ ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ታኒኑ እየተያያዘ ከፊሉ አተላ ሆኖ ከታች ይቀራል፤ የቀረውም ይለሰልሳል። ስለዚህ የሃያ ዓመት ባሮሎ ብራዛቶ ካቀረቡለት ይሸነፋል። እሱ የሚፈልገው በቅቤ በተለወሰ ታያሪን ላይ ስስ ተደርጎ የተላጠ የአልባ ነጭ ትራፍል ነው፤ ትራፍል ከመሬት በታች የሚበቅል፣ በውሻ አፍንጫ የሚፈለግ የእንጉዳይ ዘመድ ነው፣ ዋጋው ግን ዘመድነቱን አይቆጥርም። ጎረምሳው ጉልበተኛ ምግብ ይፈልጋል፣ ሽማግሌው ለስላሳ። ጊዜ ጎረቤቱን ቀየረለት እንጂ ከጎረቤት አላፋታውም።

ከእኛ ገበታስ ጋር? የጥሬ ሥጋ ወዳጅ የሆነ አገር ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። ጮማ ያለበት ቁርጥ በታኒን ሕግ ከፒዬሞንቴው ጥሬ ሥጋ ይልቅ ለባሮሎ ይመቻል፤ ቅቤ የጠገበ አልጫም እንዲሁ። ችግሩ ያለው ሚጥሚጣው ላይ ነው። አልኮል የሚያቃጥል ስሜት የሚቀበለውን የአፍ ነርቭ ያነቃቃል፤ ሚጥሚጣና በርበሬም የሚነኩት ያንኑ ነርቭ ነው። አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14 በመቶ የሚደርስ ወይን በአዋዜ ላይ ማፍሰስ እሳት ላይ ክብሪት ፍለጋ ነው። ዶሮ ወጥ ፊት ባሮሎ ግራ ይጋባል፤ ቅቤው ይጠራዋል፣ በርበሬው ያባርረዋል። ለዚያ ገበታ የማር ጣፋጭነቱ ያልለቀቀው ጠጅ ይሻላል፤ ጣፋጭ ነገር ቃጠሎን ያበርዳል። ይህም ያነሰ ጥበብ የወለደው መፍትሔ አይደለም፤ ያው የጎረቤት ሕግ በሌላ አገር ነው። «ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» እያለ መጠጡን ከመጠጫው ሳይቀር ያጣመረ ሕዝብ፣ ወይን አጃቢ ይሻል ሲባል ሊገረም አይገባውም።

እንግዲህ ለባሮሎ የሚሰጠው «ደፋር ወይን» የሚለው ሙገሳ እንደገና ይታሰብ። ድፍረት ማለት ለብቻ መቆም ከሆነ ባሮሎ ደፋር አይደለም፤ ከጎረቤት ተጣልቶ አንድ ብርጭቆ እንኳ አይዘልቅም። ጥሩ ጎኑ ይህን ጥገኝነቱን አለመደበቁ ነው፤ የሚያስፈልገውን በመጀመሪያው ጉንጭ አፍ አስይዞ ይናገራል። ከዚህ የሚገኘው ምክርም ቀላል ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም ከበቃ ሥጋውም ወይኑም ይገዛ፤ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ግን ሥጋው ይገዛ። ጥሩ ሥጋ ያለ ባሮሎም ጥሩ ሥጋ ነው፤ ጥሩ ባሮሎ ያለ ሥጋ ግን በውድ ዋጋ የተገዛ የአፍ ድርቀት ነው።